ቁምስና በምን ይቆማል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በቁምስና የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



የኢዮቤልዩ በዓል በብሉይ ሕግ የተሠራው ለደስታና ለግብዣ ብቻ አልነበረም። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሃምሳኛው ዓመት ሲገባ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ በችግር ምክንያት የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር፤ በዕዳ የተያዘውም ሰው አርነት ወጥቶ ወደ ዘመዶቹ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የርስትና የወራሽ ዓመት ነው። ርስቱ ሲመለስ የሚቀበለው ወራሽ ያልተገኘ እንደ ሆነ መለከቱ በከንቱ ተነፋ ማለት ነው። ኢዮቤልዩ የሚያከብር ቁምስናም ስላለፈው ዘመን ምስጋና ሲያቀርብ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም ይህን ሁሉ የሚወርሰው ማን ነው የሚል ነው።

ጥያቄው በዛሬው ዘመን ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። በ1975 ዓመት የወጣው አዋጅ (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ወዲህ፥ በከተማ ያለች ቤተ ክርስቲያን የቆመችበት መሬት ርስቷ ሳይሆን ይዞታዋ ነው። ከ2024 ወዲህም የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ እንደ ፒያሳ ያሉ የቈዩ ሰፈሮች በከፊል ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ደግሞ ትናንት ጤፍና ስንዴ ይታይበት የነበረው የጀሞና የለቡ ሜዳ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። አንዱ ሰፈር ምእመኑን ሲያጣ ሌላው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን የሌለው ምእመን ይሞላበታል። ሰፈር ሲነሣ ዕድሩ ይነሣል፤ ዕድሩ ሲነሣ ማኅበሩ ይበተናል፤ ማኅበሩ ሲበተን የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አንድ ድንጋይ ሳይጐድልበት ወንበሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የካህናት ማነስ ሲጨመርበት፥ ይህ ቁምስና ይዘጋ ይሆን፥ ከጎረቤቱስ ጋር ይቀላቀል ይሆን የሚል ሹክሹክታ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሹክሹክታ ግን ሕግን አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያንን ሕግ መስማት ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1990 ያወጁት የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፥ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም የምትተዳደርበት፥ ስለዚህ ነገር ሦስት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፥ ቁምስናን የማቋቋም፥ የመለወጥና የማስቀረት ሥልጣን የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው፤ ነገር ግን የካህናትን ምክር ቤት ሳያማክር አያደርገውም። በሕግ የተቋቋመ ቁምስናም የሕግ ሰውነት አለው፤ ይህም በቁጥር 280 ተጽፏል። ሁለተኛው፥ ቤተ ክርስቲያኑ ለአምልኮ የማይሆን ሆኖ መጠገኑም ካልተቻለ ጳጳሱ ለሌላ፥ ነገር ግን ነውር ለሌለበት ሥራ እንዲውል ሊያደርገው ይችላል። ምክንያቱ ሌላ ከባድ ነገር እንደ ሆነ ግን የካህናት ምክር ቤት ይጠየቃል፥ በቤቱ ላይ መብት ያላቸው ይስማማሉ፥ የነፍሳትም ድኅነት እንዳይጐዳ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ይህም በቁጥር 873 ነው። ሦስተኛው፥ የሕግ ሰውነት በባሕርዩ ዘላቂ ስለ ሆነ፥ ባለ ሥልጣኑ ካላስቀረው በቀር ሥራው ፈጽሞ ቆሞ 100 ዓመት ሳይሞላ አይጠፋም፤ ይህም በቁጥር 927 ነው።

እንግዲህ በሕግ ፊት ቤቱ ሌላ ነው፥ ቁምስናው ሌላ ነው። ቤቱ ቆሞ ሳለ ቁምስናው ሊቀር ይችላል፤ ቤቱ ፈርሶም ቁምስናው ሊኖር ይችላል። ሕጉ ለቁምስና እስከ 100 ዓመት የሚደርስ ትዕግሥት ሰጥቶታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ በምን ሕያው ሆኖ እንደሚቈይ ግን አልጻፈም። ይህን የሚመልሰው ታሪክ ነው። በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ታሪክ የተዘጉ ቤቶች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አራቱን መመልከት ይበቃል።

የመጀመሪያው በአድዋ አጠገብ የነበረው ፍሬሞና ነው። ስሙም ከቅዱስ ፍሬምናጦስ የተገኘ ነው። በ1557 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የኢየሱሳውያን ጳጳስ እንድርያስ ዘኦቪየዶ በዚያ ተቀምጠው በ1577 ዐረፉ። በ1603 የመጡት አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፥ በትዕግሥትና በትሕትና እየተመላለሱ የዐፄ ሱስንዮስን ወዳጅነት አገኙ፤ በ1622 ንጉሠ ነገሥቱ የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፥ አባ ጴጥሮስም በዚያው ዓመት ሞቱ። ከእርሳቸው በኋላ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን በትዕግሥት ፈንታ ትእዛዝን አመጡ። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ጾሙና በዓሉ በላቲን ቊጥር እንዲሆን አዘዙ። ከዚህ የተነሣ ዐመፅ ተቀሰቀሰ፥ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፥ ቀጥሎም ከአገር አስወጡአቸው። ለፍሬሞና ንጉሥ ነበረለት፥ ምሽግም ነበረለት፤ የሕዝቡ ልብ ግን አልነበረለትም። በሕዝቡ ዜማና በሕዝቡ ሥርዓት ያልገባ ትምህርት እንግዳ ሆኖ ቈየ፥ እንግዳ ሆኖም ሄደ። በንጉሥ ቃል የቆመ ቤት የንጉሥ ቃል ሲለወጥ ወደቀ።

ሁለተኛው ቤት በኢትዮጵያ ምድር አይደለም፤ በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተኋላ ያለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለው ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በራብዓይ ሲክስቶስ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ነጋድያን ማረፊያ ሆኖ ተሰጠ። ከዚህ ቤት የወጣው ፍሬ ታላቅ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ግእዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ ይህም በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮንም ከጓደኞቻቸው ጋር በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በ1649 በዚያው ቤት የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ ሉዶልፍ የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ የኢትዮጵያንም ታሪክ የጻፈው ከእርሳቸው ተምሮ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ኑሮ እየደከመ ሄደ። ከኢየሱሳውያን መባረር ወዲህ በኢትዮጵያና በሮም መካከል ያለው መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር፥ የሞቱትን የሚተካ መነኩሴ እንደ ቀድሞው ከአገር አልመጣም። ያን ቤት ያፈረሰው የለም፥ ያሳደደውም የለም፤ ጣራው ነበረ፥ መቅደሱም ነበረ፥ ቦታውም ከዓለም ሁሉ የከበረ ቦታ ነበረ፤ ወራሽ ግን አጣ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ በ1919 ኮሌጅ አድርገው እንደ ገና ለኢትዮጵያውያን ከፈቱት፤ ፒዮስ 11ኛም በ1929 በቫቲካን አትክልት ቦታ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ሰጡት። ምን ጊዜም ሳይዘጋ የኖረው ግን በዚያ ቤት የታተመው መጽሐፍና የተሰጠው ትምህርት ነው፤ ቤቱ ዝም ባለበት ዘመን እንኳ መጽሐፉ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ይነበብ ነበር።

ሦስተኛው ቤት ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች የቀረበ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ከመቈርቈሯ በፊት በፊንፊኔ የካቶሊካውያን ቤት ነበረ። በአገራችን አባ ማስያስ የተባሉት የካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ በ1868 ወደ ሸዋ ሲመጡ፥ ንጉሥ ምኒልክ ተቀብለው በፊንፊኔ እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። ማሳያ ሕዝቡን ከፈንጣጣ የሚጠብቅ ክትባት በመስጠት የታወቁ ነበሩ፤ የአማርኛንና የኦሮምኛንም ሰዋስው ጽፈው በ1867 በፓሪስ አሳትመዋል። በ1879 ግን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ሆነ። የፊንፊኔው ቤት ዕድሜ 11 ዓመት ያህል ብቻ ሆነ። ነገር ግን ማሳያ ከመባረራቸው በፊት ታውሪን ካኻኝን ረዳት ጳጳስ አድርገው ቀብተዋቸው ነበር፤ ስለዚህ የፊንፊኔው በር ሲዘጋ እኒህ ተተኪ ሥራውን በሐረር ቀጠሉ። ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ወራሹ ተዘጋጅቶ ነበርና የተዘጋው ቤቱ እንጂ ሥራው አልሆነም።

አራተኛው የትግራዩ ነው። ላዛሪስቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፥ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፥ በ1839 አድዋ ገቡ። ከፍሬሞና ውድቀት የተማሩ ይመስል፥ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፥ እንደ አገሩ ጾመው፥ ካህናቱ በግእዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ አደረጉ። በአጋሜ በጓላ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ስደት በመጣ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተበተነ፥ እርሳቸውም ወደ ኢሮብ ወደ አሊቴና ወጡ። ከደቀ መዛሙርታቸው የሚበልጡት በጎጃም በመርጡለ ማርያም የመነኰሱት አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። እኒህ ሊቅ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የተንከራተቱ፥ መጻሕፍትን የመረመሩ፥ በመጨረሻም በ1851 ክህነት የተቀበሉ ነበሩ። በ1855 በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲነዱ በመንገድ ዐረፉ፤ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። አቡነ ያዕቆብም በሐምሌ 1860 ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጡ በበረሃ መንገድ ላይ በትኩሳት ዐረፉ፤ መቃብራቸው በሔቦ ነው፥ በ1975ም ቅዱስ ተባሉ።

መምህሩ በመንገድ ሞቱ፤ ደቀ መዝሙሩም በመንገድ ሞቱ፤ ትምህርት ቤታቸው ተበትኖ ነበር። በሰው ዓይን ሲታይ ከፍሬሞናም ከፊንፊኔም ይልቅ የጠፋ የሚመስለው የእነርሱ ሥራ ነበር። ነገር ግን የአዲግራት ሀገረ ስብከት መሠረት ያ የተበተነ ጉባኤ ነው። ደቀ መዛሙርቱ የአገሩ ልጆች ስለ ነበሩ በተበተኑበት ሁሉ ቤት ነበራቸው፤ ቅዳሴው የአገሩ ዜማ ስለ ነበረ መቅደስ ሲታጣ እንኳ ከአፋቸው አልጠፋም። በ1961 አዲስ አበባ የሜትሮፖሊት መንበር ስትሆን አዲግራትና አስመራ በሥርዋ ሀገረ ስብከት ሆኑ።

ይህ ሁሉ የስደት ዘመን ታሪክ ነው፥ በሰላም አገር እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም የሚል ቢኖር ወደ አሜሪካ ይመልከት። በ2004 የቦስተን ሊቀ ጳጳስ ከ60 በላይ ቁምስናዎች እንዲዘጉ አስታወቁ፤ ምክንያቱም የካህናት ማነስ፥ የምእመናን መጕደልና የገንዘብ ችግር ነበር። በሲቹዌት ከተማ የነበረው የቅድስት ፍራንሲስካ ካብሪኒ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ቤታቸውን አንለቅም ብለው ሌሊትና ቀን በየተራ እየጠበቁ ከ11 ዓመት በላይ ቈዩ፤ ክርክራቸውም እስከ ሮምና እስከ አገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2016 ግን ለቀው ወጡ። ፍቅራቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ፍርድ ከተነገረ በኋላ የተደረገ ጥበቃ ፍርዱን አልመለሰውም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ቁምስና የሚሞተው በሩ በተዘጋ ቀን አይደለም፤ ወራሽ ባጣ ቀን ነው። ያ ቀን ከበሩ መዘጋት በፊት ብዙ ዓመት አስቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣም ደወል አይደወልለትም።

ይህ ሲባል ቤት አያስፈልግም ማለት አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ሽማግሌው በዝናብ ጊዜ የት እንደሚቀመጥ፥ ሕፃኑ የት እንደሚጠመቅ፥ የሞተውም የት ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደረግለት ያላሰበ ሰው ነው። ድሀ ምእመን ከሳንቲሙ ከፍሎ ያቆመውን ግድግዳ ቀላል አድርጎ መናገር ግፍ ነው። አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው ቤት መሥራትን አልናቁም፤ አንዱ ሲፈርስባቸው ሌላውን ይጀምሩ ነበር። ነገር ግን ቤትን የሚያድነው ወራሽ ነው፤ ቤት ወራሽን አያድንም። የሮሙ ቤት ይህን ይመሰክራል።

ስለዚህ ይህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሳያልፍ ሊሠሩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ መዝገቡ ነው። ሕገ ቀኖናው በቁጥር 296 እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፥ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲኖረው ያዝዛል። መዝገብ የቁምስና ትዝታ ነው፤ አንድ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር መጥቶ የተጠመቅሁት እዚህ ነው ቢል የሚመሰክርለት እርሱ ነው። ስለዚህ የደበዘዘው ይገለበጥ፥ ሁለተኛው ቅጅም በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ። የይዞታው ማረጋገጫና የቦታው ፕላን እንዲሁ በአንድ ሰው ሣጥን ብቻ ተቈልፎ አይቅር፤ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ ባለ ቍልፉ በሕይወት ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው የተዛወሩትን መከተል ነው። ከመካኒሳ ወደ ጀሞ፥ ከመሀል ከተማ ወደ ለቡና ወደ ሌላውም ዳርቻ የሄደ ቤተ ሰብ ስሙ ከዕድር መዝገብ ተፍቆ እንዳይረሳ፥ የት እንዳለ ይጻፍ፥ ሽማግሌም ሄዶ ይጐብኘው። ሦስት ቤተ ሰብ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከተገኘ በዚያ የጸሎት ማኅበር ይቋቋም። ዛሬ ከቁምስናው የጐደለ የሚመስለው ሰው ነገ ለሌላ ቁምስና የመሠረት ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ልጆቹ ናቸው። ግእዝ የሚያነብ፥ ዜማ የሚያውቅ፥ ቅዳሴውን የሚቀበል፥ ትምህርተ ክርስቶስን ለታናሹ የሚያስተምር ልጅ በስንት ቤት አለ? ይህ የሚቈጠር ነገር ነውና ይቈጠር። የቅኔ መምህር ሲሞት ጉባኤው የሚበተነው ወንበሩን የሚተካ ደቀ መዝሙር ሳይኖር ሲቀር ነው፤ ተተኪ ካለ ግን ጉባኤው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ይሄዳል እንጂ አይሞትም። በኢትዮጵያ የቅኔ ትምህርት ከሣር ጎጆ በቀር ቤት ሳይኖረው ይህን ያህል ዘመን የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁምስናም ከልጆቹ መካከል ለክህነትና ለምንኵስና የሚሰጥ አንድ እንኳ ከሌለው፥ ካህን ጠፋብን ብሎ ጳጳሱን ከመውቀሱ በፊት ራሱን ይጠይቅ።

አራተኛው ቃልን በጊዜው መናገር ነው። የሚሰጋ ቁምስና በየደጃፉ ከሚያጕረመርም ይልቅ ያለውን በእውነት ጽፎ፥ በየዓመቱ ስንት እንደ ተጠመቀ፥ ስንት እንደ ተጋባ፥ ስንት ልጅ እንደሚማር፥ ምን እንደሚጐድለውም ሳይደብቅ ለጳጳሱና ለካህናት ምክር ቤት ያቅርብ። ሕጉ ምክር እንዲጠየቅ ያዘዘው ምክር የሚሰጥ ሰው እንዲገኝ ነው። ከውሳኔ በፊት በትሕትና የቀረበ እውነት ከውሳኔ በኋላ በቍጣ ከሚነገር ክርክር ይልቅ ይሰማል። ውሳኔው መቀላቀል ቢሆን እንኳ መዝገቡን፥ ዜማውንና ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ቁምስና እንደ ለማኝ አይገባም፤ ሀብቷን ይዛ እንደምትመጣ ሙሽራ ይገባል።

ክቡራን ሆይ፤ የዚህ ሰፈር ስም ራሱ ምስክር ነው። ነፋስ ስልክ ማለት በቀድሞ ሰዎች አነጋገር ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነበር። የሽቦ ስልክ እንጨቱ ሲወድቅ፥ ሽቦውም ሲበጠስ ዝም ይላል፤ የነፋሱ ስልክ ግን የሚናገርና የሚሰማ እስካለ ድረስ ቃሉን በአየር ላይ ያሻግራል። ሽቦው ቤቱ ነው፤ ቃሉ ግን ሃይማኖቱ ነው። ሽቦውን መጠበቅ የሁሉ ግዴታ ነው፤ ሆኖም በወዲያኛው ጫፍ ሆኖ የሚሰማ ልጅ ካልተዘጋጀ ሽቦው ቢጸና የሚያደርሰው ለማን ነው?

የኢዮቤልዩው መለከት የሚነፋው ለወራሾች ነውና፥ እግዚአብሔር ለዚህ ቁምስና ወራሽ አያሳጣው፤ አባቶች ያቆሙትን ልጆች እንዲቀበሉት፥ ልጆችም ለልጆቻቸው እንዲያስረክቡት ያድርግ። ለዘላለሙ አሜን።